በግድ የላጨሁት ራስ

አስካልዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ሙት ዓመትሽ አለፈ፤ ሦስተኛው ከፊታችን ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ መቃብርሽ ዘንድ እየመጣሁ ስለ ጎረቤቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ወገቤም ሳወራሽ አንዲት ነገር ደብቄሻለሁ። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን እዘረዝርና እሷ ጋ ስደርስ እዘላታለሁ። ላንቺ በአፌ መናገር ስላቃተኝ ልጽፈው ነው። የእጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

የብሩክን ጸጉር የላጨሁት እኔ ነኝ። እሱ ልላጭ አላለም። ለሰው ሁሉ «ለእናቱ ሲል ራሱ ለመነኝ» ብዬ የተናገርኩት ውሸት ነው።

የቀብርሽ ማግስት ነበር። ወንድሜ ደምሴ ከመንዝ ሲመጣ ቀብሩ አምልጦት ነበርና ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አልቅሶ አልቅሶ ሲበቃው ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። «ልጁስ?» አለ። «ለእናቱ ራሱን አልተላጨም እንዴ? ወይስ ከተማ ይሄንንም አስቀርቶታል?» ሰው ሁሉ ወደ ብሩክ ዞረ። እኔ እንደ ወጉ ተላጭቼ ነበር፤ የልጁ ጸጉር ግን እንዳለ ነው፤ ያ ጥቅጥቅ ያለው፣ እሑድ እሑድ ደጃፍ ላይ አስቀምጠሽ በሚዶ የምታበጥሪለት። «ይሄ የኔ ዘር ነው፤ ያንተማ ምን ጸጉር አለህና» እያልሽ የምታበሽቂኝ። ደምሴ ሲመጣ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። «ወንድምህ ከመጣ ቁምጣ የለበስክ ልጅ ትሆናለህ» ትይኝ አልነበር? ሆንኩ። ልጁን በክንዱ ይዤ ጓዳ አስገባሁት።

«አባዬ እባክህ» አለኝ። «ጥቁር እለብሳለሁ፤ ዓመት ሙሉ አላወልቀውም። ይሄን ግን ተወው፤ እሷ ናት ያበጠረችው።»

እውነቱን ነው። ከአልጋ መነሳት አቅቶሽ እንኳ ትራስሽ አጠገብ አስቀምጠሽ አበጥረሽለት ነበር። ሰማሁት። ሰምቼም ምላጩን አነሳሁ። ሲታገለኝ ራሱን በሁለት ጉልበቴ መሀል አጣበቅሁት። የኔ ክንድ የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው የሚያላቅቅ ክንድ ነው፤ አንድ ቀጭን ተማሪ የት ይደርሳል። ከጆሮው ኋላ ቆረጥኩት። ደሙን በነጠላዬ ጠርጌ ይዤው ወጣሁና «ራሱ ነው ልጨኝ ብሎ የለመነኝ» አልኩ። ሴቶቹ አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። ደምሴ የልጁን ራስ ስሞ «ተባረክ፣ እናትህን አኮራሃት» አለው። ብሩክ አላለቀሰም። እኔን ብቻ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ የማኖርበት ቦታ አጣሁለት።

ቤታችን ያው ነው፤ ትንሽ ትንሽ ተለዋውጧል። እህል ታስቀምጪባት የነበረችውን የጓሮ ክፍል ለአንድ መምህር አከራይቻታለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ሲያነብ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። እማማ ጽጌ አሁንም በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ወጥ ይልኩልኛል። ሳህን ባዶ መመለስ ነውር ነው ስትይ እሰማሽ ስለነበር ጥሬ ድንች ሞልቼ ስመልስላቸው «አይ የወንድ ወግ» እያሉ ይስቁብኛል። ሥራዬም ያው እዚሁ ወሰን ሰፈር መንገድ ዳር ጎማ መጠገን ነው። አስፋልቱ ሲሰፋ ግን ከቦታዬ ገፍተውኝ አሁን የተቀመጥኩት ከቪዲዮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ዛሬ የቪዲዮ ቤቱ አጥር ላይ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ።

ብሩክ ትምህርት ቤት ሲመለስ ልጆቹ አላገጡበት። አዲስ የተላጨ ራስ ያገኘ ልጅ ሁሉ በመዳፉ ጧ ማድረግ ያምረዋል። «ፀሐይ ወጣች» ይሉታል። እናቱ መሞቷን የሚያውቁትም ይመቱታል። ይህን ያኔ አልነገረኝም፤ ኋላ ስንጣላ ነው የነገረኝ። አንድ ቀን ታዲያ ከቪዲዮ ቤቱ አጥር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ይህን ያያሉ። እነሱም ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ፣ ጂንሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የጠቀለሉ፣ ከስክስ ጫማ የሚያደርጉ፣ ሱሪያቸውን በማንገቻ የሚይዙ ናቸው። ከአንድ የፈረንጅ ፊልም ያገኙት ነው። የሰፈሩ ልጅ «መላጦቹ» ይላቸዋል። ዋናቸው ሳሚ የሚባል ረጅም ልጅ ነው። አባቱን በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራዊ ነህ ብለው በለበሰው ልብስ ብቻ አውቶቡስ ላይ አሳፍረው ሰደዱት፤ እናቱ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነችም። ይሄ ሳሚ ከአጥሩ ወርዶ፣ ብሩክን የሚመታውን ልጅ ማጅራቱን ይዞ «የኛን ሰው ነው የምትነካው?» አለው። ልጃችን የነሱ ሰው መሆኑን የሰማው ያኔ ነው።

እንግዲህ የኔን ሥራ እይው። የሐዘን ራስ ነበር፤ እነሱ ግን እንደነሱ ወዶ የተላጨ መሰላቸው።

«ማነው የላጨህ?» አለው ሳሚ።

«አባቴ።»

«በግድ?»

«በግድ።»

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ በፈቃድህ ነው» አለው።

ይህን ሲነግረኝ የልጃችን ድምፅ ተለወጠ። ቤት ውስጥ እኔ ስምሽን አላነሳም፣ እሱም አያነሳብኝም ነበር። እራት እንበላለን፣ ሬዲዮ እንከፍታለን፣ ሬዲዮው በእኛ ፈንታ ያወራል። እዚያ አጥር ላይ ግን ሳሚ «እናትህ ምን ትወድ ነበር?» ብሎ ጠይቆታል። እኔ ጠይቄው አላውቅም።

ወራት ሄዱ። የኔ ጸጉር በቀለ፤ የሱ አልበቀለም። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። በግድ ያስጀመርኩትን ሐዘን ልጁ ወደደው፣ እግዚአብሔርም ውሸቴን እውነት አደረገልኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አበራሁ። ሰፈሩም እንደኔው ነበር። እማማ ጽጌ መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር ራሱን እየሳሙ «እንዲህ እናቱን የሚወድ ልጅ አላየሁም» ይሉታል። እሱም ጎንበስ ብሎ ይሳማል፤ አይናገርም። ከስክሱን ገዝቶ ሲመጣ እንኳ «ጥቁር ነው፤ ለሐዘን ይሆናል» አልኩ። ማየት ያልፈለገ ሰው ፊቱ ምን ቢያቆሙለት አያይም።

ዐይኔን የገለጠው መምህሩ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «ጋሼ፣ የብሩክ አለባበስ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እንዲህ የሚላጩት ፈረንጆች ጥቁር የሚጠሉ ናቸው። ውጭ አገር የኛን ስደተኞች መንገድ ላይ ጠብቀው በዚያ ጫማ የሚረግጡ» አለኝ። በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጁን ያዝኩት።

«አንተን ቢያገኙህ የሚረግጡህን ሰዎች ልብስ ለብሰህ ነው የምትዞረው?»

«ሲጀመር እንደዛ አልነበሩም አባዬ» አለኝ። «ከጃማይካ ልጆች ጋር አንድ ላይ ይጨፍሩ የነበሩ የድሃ ልጆች ናቸው። ክፉዎቹ ኋላ የመጡ ናቸው። ሳሚ ካሴቱ ሁሉ አለው።»

«ዛሬ ያሉት ቢያዩህስ?»

«ይደበድቡኛል» አለ፤ ሳቀም። «እነሱ ግን ወሰን የሉም። ወሰን ያለው ሳሚ ነው።»

መልስ የሌለው አባት ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ ይጮኻል። «እኔ ቤት መላጣ አላሳድርም» አልኩት። «አንተ ነህ እኮ መላጣ ያደረግኸኝ» አለኝና የትምህርት ቤቱን፣ የጥፊውን፣ የሳሚን ሁሉ ዘረገፈው። በኋላ ደግሞ ነገሩ ከክፉ መንፈስ ይሆናል ብዬ እንጦጦ ጠበል ወሰድኩት። እምቢ ይለኛል ስል እሺ ብሎ ሄደ። ሲጠመቅ አጥማቂው ቄስ በተላጨው ራሱ ላይ ውሃውን እያፈሰሱ «ይሄ ነው ለጠበል የተፈጠረ ራስ፤ ጠብታ አይቀርበትም» ብለው ቀለዱ። ሁለታችንም ሳቅን። ስንወርድ ቆሎ ገዛሁለት፤ እየተቃመስን ወረድን። ከአንቺ በኋላ እንደዚያች ያለች ቀን አላየሁም።

የመጀመሪያው ሙት ዓመትሽ ቀን ግን የቀረውን አበላሸሁት።

ጠዋት ገና ድንኳን ሲተከል ብሩክ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ ሁሉም ሙልጭ፤ ሁሉም ከስክስ። የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸከሙ፤ ውሃ ቀዱ፤ እንግዳ አስተናገዱ። እማማ ጽጌ በር ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እነዚህ ሁሉ ለአስካለ ነው?» አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጥረው አንድ በአንድ እያስጎነበሱ ራሳቸውን ሳሟቸው። ሳሚ ተራው ሲደርስ እንደ ሕፃን ዐይኑን ጨፍኖ ነው የተሳመው። ከሱሉልታ በእንጦጦ አቋርጠው የመጡት ዘመዶችሽም ዐይተው አለቀሱ፤ «አስካለ ያላየነው ስንት ልጅ ነበራት» ተባባሉ። ያንን ብታዪ ትስቂ ነበር፤ ቀጥሎም ታለቅሺ ነበር።

ሰው በልቶ ሲረጋጋ ደምሴ ሊመርቅ ተነሣ። «ሐዘን ልክ አለው» አለ። «ከእንግዲህ ጥቁሩን አውልቁ። አንተም ልጄ ብሩክ ጸጉርህን አሳድግ። አባትህ ነግሮናል፤ ማንም ሳያዝህ፣ በገዛ ፈቃድህ ለእናትህ የተላጨህ ልጅ ነህ።» ብሩክ የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። «አጎቴ፣ እሱን አባቴን ጠይቀው» አለ።

ደምሴ ወደኔ ዞረ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደኔ ዞረ። ልጁ ሲጠብቀኝ አየሁት፤ ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን ሲጠብቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። የሚጠብቀው አንዲት እውነተኛ ቃል ነበረች። አስካልዬ፣ በደምሴ ፊት ቁምጣዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። «አዎ» አልኩ፤ «በገዛ ፈቃዱ ነው።»

ብሩክ ራሱን ነቀነቀ፤ «ይሁን» እንደማለት። እንግዳው ሳይበተን ልብሱን በፌስታል አድርጎ ወጣ። መላጦቹም ሳህኑን አጥበው፣ ደርድረው ተከተሉት። ከየካ በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ሳሚ የተከራያት ቤት አለች፤ እዚያ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ያላደረግሁት የለም። ሽማግሌ ላክሁ፤ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ዳዊት ደገምኩ። ልጁ በፊቴ ሲያልፍ ጎማ ላይ አቀረቅራለሁ፤ ካለፈ በኋላ ጀርባውን አያለሁ። አንድ ቀን ግን ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ቢሄድ ቤተሰብ ይምጣ ብለውታል። ሊታረቀኝ መስሎኝ እጄን ሳልታጠብ ተከተልኩት።

ጸሐፊው ሲጽፍ ሲጽፍ ቆየና «ብሔር?» አለው።

«እናቴ ኦሮሞ ናት፣ አባቴ አማራ» አለ ብሩክ።

«አንዱን ነው የምጽፈው። በአባት ነው።»

«እናቴስ የት ትሂድ?»

«ወንድም፣ ሰልፉን አታይም?»

«እንግዲያው መላጣ ብለህ ጻፍ» አለው። «እኛ ጋ ሳሚም አለ፣ የጉራጌ ልጅም አለ፣ አባቱን የማያውቅም አለ። ከተላጨን በኋላ የሚጠይቀን የለም።»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ጸሐፊው ራሱ ሊስቅ ደርሶ ነበር። ያልሳቅሁት እኔ ነኝ። «አታሳፍረኝ» ብዬ ክንዱን ጨበጥኩት። እጄን ቀስ ብሎ አላቀቀና «አየህ አባዬ፣ አንተ ሁሌ ሰው ምን ይለኛል ነህ» አለኝ። መታወቂያው ላይ አማራ ተብሎ ተጻፈለት። በር ላይ ተለያየን።

መላጦቹ መላእክት ናቸው አልልሽም። ዘንድሮ ጉርድ ሾላ ታክሲ ተራ ላይ አንድ ልጅ ሳሚን «ወደ አገርህ አትሄድም?» ብሎት ተባብረው ደበደቡት። መንጋጋው ተሰበረ። ከረገጡት አንዱ ብሩክ ነው። ፖሊስ ይዟቸው ከርሞ ለቀቃቸው። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት ጎማ ቤቴ መጣች፤ የዚያ ልጅ እናት ናት። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ቆብ አውልቄ ቆምኩ።

«ልጅዎ ነው አሉኝ» አለችኝ።

«አዎ፣ ልጄ ነው።»

«ልጣላዎ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ይሄ ልጅ እናት የለውም?»

«የለውም» አልኳት።

ትንሽ ቆማ «ነፍስ ይማር» አለችና ሄደች። የልጇ መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ሳለ ላንቺ ነፍስ ይማር ብላ ሄደች። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። በጉልበት የሆነበትን ነገር ልጁ በጉልበት መለሰው፤ ያውም ላላጠፋበት ሰው ልጅ። መጀመሪያ በጉልበቱ መሀል የያዘው ማን ነው?

ቅዳሜውን ዳገቱን ወጣሁ። አንቺን ከነብሩክ ይዤ ወደ ሱሉልታ ወላጆችሽ ጋ የምንሄድበት መንገድ ነው፤ አንቺ አዝለሽው፣ እኔ ዶሮ ተሸክሜ፣ «ዶሮዋን እዘልና ልጁን ተሸከም» እያልሽ የምትስቂበት። አሁን ብዙው ዛፍ ተቆርጧል። ከቤታቸው ፈንጠር ብዬ ግንድ ተከልዬ ቆምኩ። ምን ልል እንደመጣሁ አላውቅም ነበር። ግቢው ክፍት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይላጫሉ፤ የሚላጫቸው ልጃችን ነው። አንዱን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ራሱን በሳሙና አረፋ ሸፈነና «ልጀምር?» አለው። ልጁ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላስነጥስ» አለው። ሁሉም ሳቁ። ብሩክ ምላጩን ወደ ታች አድርጎ ጠበቀው። «ልጀምር?» አለው ዳግመኛ። «ጀምር» ሲለው ነው እጁን ያነሣው። ጆሮውን በጣቱ ወደ ፊት አጥፎ፣ ራሱን እንደ እንቁላል ይዞ ላጨው። የሚቀጥለውንም እንደዚያው ጠየቀ፤ የሚቀጥለውንም። አንዱንም ሳይጠይቅ አልነካም።

ሳልታይ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ደምሴ ለዐይኑ ሕክምና መጥቶ እኔ ዘንድ አርፎ ነበር። እራት ሳይቀርብ ነገርኩት። እምቢ ማለቱን፣ መታገሉን፣ መቁረጤን፣ ሁለት ጊዜ መዋሸቴን። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ?» አለ።

«ታዲያማ በድያለሁ።»

«አባት ልጁን ለእናቱ ሐዘን ላጨ። ይሄ ነው በደል? ልጅ ሁሌም እምቢ ይላል።»

«ድንጋይ ልሸከምለት ነው» አልኩት። «ሽማግሌ ሆነህ ፊት ፊት ሂድልኝ።»

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ «ይቅር ብያለሁ» እስኪባል አያወርድም። አንቺ አላየሽውም፤ እኔ ልጅ ሆኜ መንዝ ዐይቻለሁ። ደምሴ ከመደቡ ተነሣ።

«እሱ ደም ለተቃቡ ነው! አባት ለልጁ ድንጋይ ሲሸከም የት ታይቷል? መንዝ ቢሰማ ምን ይላል?»

«መንዝ የለሁም ደምሴ። ያለሁት ወሰን ነው» አልኩት።

በነጋታው ከረጢቱን ይዞ ሌላ ዘመድ ጋ ሄደ። በዕድሜዬ ሙሉ ወንድሜን ሳስቀይመው የመጀመሪያዬ ነው፤ ይኸው እስካሁን መልእክት አልላከልኝም።

ያለ ሽማግሌ ብቻዬን ሄድኩ። ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ለመኪና ጎማ ታኮ የማደርገውን ጥቁር ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ወያላ «ጋሼ፣ ታኮውን ወዴት? መኪናው ተንከባሎ ነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግንድ ተደግፌ አረፍኩ፤ ድንጋዩን ግን አላወረድኩም። ስደርስ መላጦቹ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋሼ፣ ቤት ሊሠሩልን ነው? አንድ ድንጋይ አይበቃም እኮ» አለ አንዱ። ሳቁ። እነሱ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ወጉን ከየት ያውቁታል። ሳሚ ግን ፊቴን ዐይቶ «ዝም በሉ» አላቸውና ወደ ውስጥ ተጣራ።

ብሩክ ወጣ። እሱ ያውቀዋል፤ አንድ ክረምት ደምሴ ጋ ልከነው ዐይቶ መጥቶ ለኔና ላንቺ እያስመሰለ አሳይቶናል። ጫማው በሩ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ አውርደው። ሰው ያያል።»

«ሰው ይይ» አልኩት። «ሳልናገር አይወርድም።»

አንገቴ ስለተደፋ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው፤ ከስክሱን ሁሉ፣ በደንብ የተወለወለ። ለጫማዎቹ ነው የተናገርኩት ማለት ይቻላል። ይህን ልጅ ራሱን በጉልበቴ መሀል ይዤ የላጨሁት እኔ ነኝ አልኩ። እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ያበጠረችው ነው ብሎኝ ነበር፤ ሰምቼው ነው የላጨሁት። ራሱ ለመነኝ ብዬ ለዘመድ ዋሸሁበት። በሙት ዓመቷ ቀን እውነቱን ስናገር ሊሰማ ጠበቀኝ፤ ወንድሜን ፈርቼ ደግሜ ዋሸሁበት። ልጄ በድዬሃለሁ አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ኋላ ብሩክ «ለአጎቴስ?» አለኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ተቆጥቶ ሄደ።»

ፊቱን አላየሁትም። መጥቶ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣልኝ፤ ክብደቱን ሲቀበል ትንፋሹን ሰማሁ። ወጉ «ይቅር ብያለሁ» ማለት ነበር። አላለም። እኔም በል አላልኩትም። አንዴ በግድ ያስደረግሁት ይበቃል። ሳሚ ሻይ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ፤ አንገቴን አሸት አሸት አድርጌ ወረድኩ።

ቤት አልተመለሰም። ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ጸጉሩን ያሳድግ አያሳድግም አላውቅም፤ ከእንግዲህ ስለሱ የማዝዘው ነገር የለኝም። ለዚያች እናት ልጅ መንጋጋ የማደርገው ነገርም አላገኘሁም፤ ስሙን ጠይቄ በጸሎቴ አስገብቼዋለሁ። ያንቺን ስም በጸሎቴ ሳልጠራ አላደርኩም፤ እስካለሁም አላድርም። የመጨረሻዋን ቀን፣ ትራስሽ አጠገብ ሆኖ ጸጉሩን ስታበጥሪለት ክንድሽ ደክሞሽ ታርፊና ደግሞ ትጀምሪ የነበረውን አልረሳውም። ሌላው ሰው ቢረሳው እኔ መርሳት አይገባኝም።

ይህን ልነግርሽ ነው ወረቀት የያዝኩት፤ ሌላ አዲስ ነገር የለኝም። ልጅሽን በግድ መላጨቴን ድንጋይ ተሸክሜ፣ በጓደኞቹ ፊት፣ በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ።